ሳቢራና የቁርጡባ ሴቶች

ከሚሴ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር የሳቢራን ቁርኣን ቤት የማያውቅ አልነበረም። ቁርኣን ቤት ይባል እንጂ የራሷ ሳሎን ነው። ከሰዓቱ የአስር ሰላት ካበቃ በኋላ ሴት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ቁርኣን ይቀሩበታል፤ ንባቡን ይማሩበታል። ከሰፈሩ እናቶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል፤ ልጆቻቸውን ሲያመጡም ሌላ የሚያስቀራ ቦታ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። ሳቢራም አስባ አታውቅም። ስለዚህ ከውሰር የምትባል የጨፋ ልጅ አዲስ አበባ ትምህርቷን ጨርሳ መጥታ፣ ከመንገዱ ማዶ ክፍል ተከራይታ፣ ለሴት ልጆች የቁርኣንን ንባብና ታሪክ አስተምራለሁ ብላ በሯ ላይ ወረቀት ስትለጥፍ፣ ሳቢራ መጀመሪያ ሳቀች።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። ከሁሉ በፊት የሄደችው የጎረቤቷ የኡምኩልሱም ልጅ ጀነት ነበረች። ሳቢራ ካስቀራቻቸው ልጆች ሁሉ ድምጿም ንባቧም የሚያምረው እሷ ነበረች። ኡምኩልሱም አፍራ፣ አንቺን ጠልተን አይደለም፣ ታሪኩንም ትስማ ብለን ነው አለቻት። ከዚያ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተከተሉ። ምንጣፉ እየሰፋ ሄደ። ሳቢራ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ከማዶ የሚመጣውን የልጆች ሳቅ ትሰማለች። እሷ ዘንድ እንዲህ ስቀው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ የከውሰርን እንከን መፈለግ ሥራዋ ሆነ። የሻሿን አስተሳሰር ነቀፈች፤ እግር ለማይደክምበት መንገድ በባጃጅ መሄዷን ነቀፈች። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ስታገኛት ዝቅ ብላ፣ “አካም ቡልቴ፣ እትዬ?” ብላ እንዴት እንዳደረች ትጠይቃታለች። ኦሮምኛው ለሳቢራ የእናቷ ቋንቋ ነው። እሷ ግን ሆን ብላ በአማርኛ፣ “ደህና” ብላት ታልፋለች።

ሳቢራ ቅናትን በከውሰር አልጀመረችም። አባቷ በዚያ አካባቢ የታወቁ ቁርኣን ጸሐፊ ነበሩ። የታተመ ቁርኣን በየሱቁ ከመምጣቱ በፊት ሰው ከሩቅ እየመጣ ያስጽፋቸው ነበር። ጥላሸቱን ከሙጫ ጋር የምትፈጨውና ቀለሙን የምታጠልለው ሳቢራ ነበረች፤ ልጆች የሚማሩበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሑን፣ የምታጥበውም እሷ ነበረች። ብዕሩን የሚይዘው ግን ወንድሟ ሙሀመድኑር ነበር። አንድ ቀን እኔም ልሞክር ብትል አባቷ ሳይቆጡ፣ “ላንቺ ቃሉ ይበቃሻል” አሏት። እሺ ብላ ተወችው። ቁርኣኑን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ያዘች፤ ስሟን መጻፍ እንኳ ያወቀችው ግን ካገባች በኋላ፣ እሱም በእስክሪብቶ ነው። በዚያ ብዕር ሳቢያ በወንድሟ እንደቀናች አደገች። እሱ ደግሞ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ፊደል አልጻፈም፤ ጨፋ ሮቢት ላይ እህል ይነግዳል።

ከውሰር ትምህርቷን እንድታይላት ደጋግማ ጋበዘቻት። ሳቢራ አንድ ቀን ሄደች፤ የሄደችው ስህተት ለመልቀም ነበር። ልጆቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁላት፤ ከሁሉ ከፍ ያለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

ከውሰር የዚያን ቀን የምታስተምረው ቁርኣን በጥንት ዘመን እንዴት እንደተጻፈ ነበር። ቃሉ ከሁሉ በፊት በሰው ደረት እንደተጠበቀ ነገረቻቸው። በተምር ዝንጣፊ፣ በግመል ትከሻ አጥንትና በቆዳ ተጽፎ የነበረው እንዴት በአንድ ጥራዝ፣ በአንድ ሙስሐፍ፣ እንደተሰበሰበና ወደየከተማው እንደተላከ ተረከች። የዚያን ጊዜ ጽሕፈት ነጥብ አልነበረውም አለች፤ ባ የሚባለውን ፊደል ታ ከሚባለው የሚለየው፣ ቀድሞ በቃሉ የሚያውቅ አንባቢ ነበር። ኋላ ዓረብኛ ያልለመዱ ሕዝቦች ሲሰልሙ፣ ንባቡ እንዳይሳሳት ሊቃውንት ነጥብና ምልክት አደረጉበት። ሳቢራ አንድ ስህተት አላገኘችም፤ ይህም አናደዳት። አባቷም ከዚህ ጥቂቱን ይናገሩ ነበር፤ ለወንድሟ እንጂ ለእሷ ግን አልነበረም።

ከዚያ ከውሰር ስለ ቁርጡባ አነሳች። ዛሬ ስፔን በሚባለው በአንዳሉስ ምድር ያለች ትልቅ ከተማ ናት፤ በአንድ ሰፈሯ ብቻ ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ቁርኣን በእጃቸው እየጻፉ ይገለብጡ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል አለች። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ሳቢራ እጇን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። ሴቶች። ሰፈር ሙሉ። አባት አልከለከላቸው፣ ወንድም አልቀደማቸው። ወንድሟ ላይ እንደዚያ ቀንታ አታውቅም፤ ከውሰር ላይም እንደዚያ ቀንታ አታውቅም። አጥንታቸው እንኳ አፈር ከሆነ ሺህ ዓመት በሆናቸው ሴቶች ቀናች። ትምህርቱ ሳያልቅ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ከኡምኩልሱም ጎን ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያቺ ልጅ ለልጆቻችን ቁርኣን ነጥብ አልነበረውም፣ ኋላ ሰው ነው የጨመረበት እያለች ታስተምራለች አለቻት። ከአፏ የወጣው ሁሉ ከውሰር ያለችው ነው። ቃሉ በሰው ደረት ተጠብቆ መቆየቱን ግን ሆን ብላ አስቀረችው። ከዚያ አስተግፊሩላህ ብላ አንገቷን ነቀነቀች፤ ያ ንቅናቄ የቀረውን ጨረሰው። ወሬው ገበያ ደረሰ፤ በየቤቱ ገባ። ኢማሙ ከውሰርን ጠርተው ጠየቋትና፣ ያለችው ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁት ነው፣ ቃሉ አልተነካም ብለው ለሰው አስረዱ። ቢሆንም የፈራች እናት ሁሉ ልጇን ከመሄድ ከለከለች። ከማዶ ሳቅ መሰማቱ ቆመ።

ልጆቹ ወደ ሳቢራ ተመለሱ። ምንጣፉ ሞላ፤ እሷም ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ጀነት ግን የዕለቱን ምዕራፍ፣ ሱራዋን፣ ቀርታ ስትጨርስ ሉሑን አስቀምጣ፣ “እነዚያ የቁርጡባ ሴቶች ቀለማቸውን ማን ይፈጭላቸው ነበር?” ብላ ጠየቀቻት። ሳቢራ አላውቅም አለች። ልጅቱ ጥያቄዋን ይዛ ወደ በሩ፣ በመንገዱ ማዶ ወዳለው ዝግ ክፍል ተመለከተች። ሳቢራ ያን አስተያየት አወቀችው። እሷም በልጅነቷ የወንድሟን እጅ የምታየው እንዲያ ነበር።

በሳምንቱ ሚኒባስ ይዛ ጨፋ ሮቢት ሄደች። የገበያ ቀን ነበር፤ ሙሀመድኑር መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ የማሽላ ጆንያ ያስጭናል። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የመጣችበትን ነገረችው።

“አያ ሙሀመድኑር፣ የአባባን ብዕር ስጠኝ።”

“ምን ልታደርጊበት?”

“ልጽፍበት።”

ይስቅብኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ጫኞቹ እስኪጨርሱ ጠብቆ ወደ ውስጥ አስገባትና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

“አባባ ያን ብዕር ባስያዘኝ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር” አላት። “እኔ ሳምንት የለፋሁበትን ሱራ አንቺ ሉሑን እያጠብሽ በቃልሽ ትወጪው ነበር። አንቺን ሲሰማ የሚስቀውን ሳቅ ለእኔ ስቆልኝ አያውቅም። እስክንቀብረው ድረስ ቀናሁብሽ።”

ሳቢራ ልትቆጣም፣ ልታለቅስም ፈለገች። እሷ ሌሊትና ቀን የቀናችበት እጅ ሲንቀጠቀጥ እንደነበር አታውቅም ነበር። እሱ የቀናበትን የአባቷን ሳቅም ጨርሶ አላስታወሰችውም። ሙሀመድኑር ከሰንዱቁ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የመቃ ብዕሮች አውጥቶ ሰጣት። አብዛኞቹ ተሰንጥቀዋል። አዲስ መቃ እንዴት እንደሚቀረጽ በቢላዋ እያሳየ አስተማራት፤ ሲያስተምራትም እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ቤቷ ተመልሳ ቀለም ፈጨች። አልረሳችውም፤ እጇ ያውቀዋል። መጻፉ ግን ሌላ ነገር ሆነባት። ቀጥ ማለት ያለበት ፊደል፣ አሊፉ፣ ይዘምማል፣ የሲን ፊደል ጥርሶች ይጠፋሉ፣ ቀለሙ ይፈስሳል። የታተመውን ቁርኣን ፊቷ ዘርግታ አንዲቱን አጭር ሱራ ደጋግማ ገለበጠች፤ በተበላሸ ቁጥር እነዚያን ሴቶች በሆዷ ረገመች፣ መልሳም አስተግፊሩላህ አለች። እጃቸው ምን እንደሚመስል ማየት አማራት። የሚያሳያት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መንገዱን ተሻግራ አንኳኳች። ከውሰር ለብቻዋ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣለች።

“ያን ወሬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ” አለች ሳቢራ ሳትቀመጥ።

“አውቃለሁ።”

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም። ያን ቀን ሲወጡ ፊትዎን አይቼው ነበር።”

“ቀንቼብሽ ነው። ባንቺ ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ሴቶችም ቀንቼ ነው።”

ከውሰር አልሳቀችም፤ ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችም። መጽሐፏን ዘግታ፣ “ለእኔ ያሉኝን ለእትዬ ኡምኩልሱም ይንገሯት” አለች። በዚያን ቀን ምንም አላሳየቻትም።

ወደ ኡምኩልሱም ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሳቢራ ግን ሁለቴ ከመንገድ ተመልሳ ነበር። ኡምኩልሱም ወንፊቱን ይዛ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። በመጨረሻ፣ “እኔኮ አንቺን አምኜ ነው ልጄን ያስለቀስኳት” አለች፤ ግቢም አላለቻት። ነገሩ ግን ተሰማ። ወሬው በሄደበት መንገድ ይህም ሄደ፤ ሳቢራ ለጥቂት ጊዜ ገበያ ስትወጣ ሰው እየተንሾካሾከ አሳለፋት። ልጆቹ ወደ ከውሰር ተመለሱ። ገሚሶቹ ሁለቱም ጋር መቅራት ጀመሩ፤ ጥቂቶቹ ወደ ሳቢራ ሳይመለሱ ቀሩ።

ረመዳን ሲገባ ከውሰር ራሷ መጣች። የሳቢራን ጽሑፍ አንሥታ ገጽ በገጽ አየችው፤ ያምራልም አያምርምም አላለች። ከዚያ ስልኳን ከፍታ ከአንዳሉስ የተረፈ የአንድ ጥንታዊ ሙስሐፍ ገጽ አሳየቻት። ፊደሉ ጥቁር፣ ምልክቶቹ ቀያይ ነበሩ፤ ቆዳው በጠርዙ ተበልቷል። ሳቢራ ስልኩን ከእጇ ወስዳ ወደ ብርሃን ይዛው ቆየች።

“እጇ አይደክምም” አለች።

“የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም” አለች ከውሰር። “የወንድ እጅም ሊሆን ይችላል።”

“ወንድ ቢሆን እንዲህ አልቀናም ነበር።”

ከውሰር ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቢራም ሳትወድ ሳቀች።

አሁን ሳቢራ ከመጨረሻዋ ሱራ ጀምራ ወደ ላይ እየገለበጠች የቁርኣኑን የመጨረሻ ክፍል፣ ዐምመ ጁዝን፣ አጋምሳለች። ሙሀመድኑር ለጉዳይ ወደ ከሚሴ ሲመጣ መቃ ቀርጾ ያመጣላታል፤ ቁጭ ብሎ ሲያያት ግን ትቆጣለች፤ ሂድ ትለዋለች። ጀነትም መጻፍ ጀምራለች፤ የልጅቱ አሊፍ ከመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሳቢራ ያየችው ዕለት እራት አልበላችም። በማግስቱ ጠርታ፣ ቀለሙ እንዳይፈስባት ብዕሩን እንዴት አዘንብላ እንደምትይዝ አሳየቻት። ከማዶ ሳቅ ሲሰማ ዛሬም ትቀናለች። መስኮቷን ግን አትዘጋም፤ የምትጽፈው በዚያ ብርሃን ነው።