ከእጃቸው ያስጣልኩት ሣር

ትናንት ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። ፍየሎች ጓሮ ገብተው የተከልኩትን ጎመን ጨርሰውታል። በሩን ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ ብዬ ጮህኩባት። ቆይቼ ሳስበው ግን ማታ መቀርቀሪያውን ሳልስብ የገባሁት እኔው ነበርኩ... እኔ ነኝ አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

እሷ የተረፈውን ጎመን እየለቀመች «አንተ በሕይወትህ ይቅርታ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት።

ሳቀች። ነገሩ እሷን ከማግባቴ በፊት የሆነ ስለሆነ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ትናንት ነገርኳት፤ እናንተም ስሙት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ነጌሌ። ቀበሌያችን ከገበያው በታች ያለውን ሜዳ አጥሮ የሕዝብ መናፈሻ አደረገው። አትክልተኛውም ጠባቂውም እኔ ሆንኩ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ችግኝ ሲደርቅብኝ ሥሩን ቆፍሬ ለምን እንደደረቀ አያለሁ፤ እንደዚያ ተማርኩ። ፊደሉንም የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ በእጄ ጻፍኩት፦ «ከአትክልተኛው በቀር ማንም ሰው ሣር እንዳይቆርጥ።»

ያን ዓመት ዝናብ ቀረ። ከተማው በሙሉ አቧራ ሲመስል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የእኔ ሣር ብቻ ነበር። ከየሆቴሉ የእጅ መታጠቢያ እጣቢ እየለመንኩ፣ በአህያ እያመላለስኩ ነው ያቆየሁት።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጠራኝ። ነገ ከክፍለ ሀገር እንግዶች መናፈሻውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሣሩ ተነክቶ ቢገኝ ሥራህን ለሌላ እሰጠዋለሁ አለኝ። እናቴን የምጦረው በዚያ ሥራ ነበር።

ከእሱ ዘንድ ተመልሼ ውሃ ሳጠጣ ቀና ብል አንድ የቦረና ሽማግሌ ሣሩ መሐል ቆመዋል። ጎንበስ አሉና አንድ ጭብጥ ነቀሉ። ሊሄዱ ነው ስል... ወደ እኔ መጡ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉልኝ።

የሰረቀውን ይዞ ወደ ባለቤቱ የሚመጣ ሌባ አይቼ አላውቅም። ንቀት መሰለኝ። እጃቸውን መታሁት፤ ሣሩ መሬት ወደቀ።

አልተቆጡም። የወደቀውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሄደው አጥሩ ጥግ ተቀመጡ።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጋሽ አደም ይህን ሁሉ አይተው ኖሮ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ከሽማግሌው ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠው ጥቂት አወሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እንዳስጣልካቸው ታውቃለህ?»

«የሕዝብ ሣር» አልኩ።

«ሰላም ነው ያስጣልካቸው።»

ከዚያ አስረዱኝ። ሽማግሌው አባ ቦሩ ይባላሉ። ልጃቸው ጉድጓድ ላይ በውሃ ተራ ተጣልቶ የሰው ክንድ ሰብሯል። የተጎጂው ዘመዶች ከተማው ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስከ እኩለ ቀን ሊጠብቁ ተስማምተዋል። በቦረና ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ነው የሚሄደው። ሣር የያዘ ሰው አይመታም፤ ሳይሰሙትም አይመልሱትም። ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ነው። እርጥብ ሣር ደግሞ ከእኔ ዘንድ በቀር የለም። ያቺን አንድ ጭብጥ የነቀሉት እኔን ሊለምኑባት ኖሯል... እኔኑ፣ በገዛ ሣሬ።

ገባኝ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፣ ማንም አይቆርጥም አልኳቸው።

ጋሽ አደም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰሌዳውን አነበቡት። «ከአትክልተኛው በቀር ይላል። ማነው የጻፈው?»

የጻፍኩትን አልክድም። ማጭዴን አነሳሁ። ካጨድኩ አይቀር ብዬ ከሁሉም ለምለሙን፣ እንግዶቹ ከሚቀመጡበት ፊት ያለውን አጨድኩ። አንድ እቅፍ ሆነ። ወስጄ ሰጠኋቸው።

አልተቀበሉኝም።

ምን ጎደለ ብዬ ጋሽ አደምን ጠየቅኩ። የመለሱልኝ ግን አባ ቦሩ ራሳቸው ናቸው፤ አማርኛቸው ለእኔ በቃኝ፤ ሰላምን ብቻ በኦሮምኛው «ነጋ» አሉት።

«የኔን ጣልክ። አሁን እኔና አንተ ነጋ የለም። ነጋ የሌለው ሰው ሣር ይዤ፣ ሌላ ሰው ነጋ እንዴት እለምናለሁ?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራት። እኔ አባቴን እንኳ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፤ ሳልጠይቀው ነው የሞተው። ቆምኩ... ቆምኩ... ከዚያ ያስጣልኳቸውን ጭብጥ ከመሬት ለቀምኩ፤ አፈሩን አራገፍኩ። እሳቸው እንደያዙት በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

«አባ ቦሩ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ተቀበሉኝ። ከሁለት ከፍለው ግማሹን እጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ነጋ» አሉ። እኔም «ነጋ» አልኩ። እቅፉን ተሸክመው በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ወጣት ተራመዱ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ አደም ዕርቅ መውረዱን ሰምተው ነገሩኝ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ሊቀመንበሩ መላጣውን ቦታ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ማን ቆረጠው ሲለኝ አትክልተኛው አልኩት፤ በማን ፈቃድ ሲለኝ ሰሌዳውን አሳየሁት። እንዳለውም ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሣሩ ደረቀና መልሶ ጠራኝ። ሰሌዳውን ካላስተካከልኩ አልገባም ብዬ «ለዕርቅ ከሚሄድ ሰውም በቀር» የሚል ጨመርኩበት።

ስጨርስ ባለቤቴ የጎመኑን ግንድ ወደ ጎን አድርጋ «እኛ ጓሮም እኮ ሣር አለ» አለች።

ተነሥቼ ማጭዴን ፍለጋ ሄድኩ።