ግመል የደረሳቸው እጩ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በወገዳ ከተማ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቅኔ ከነአገባቡ ተምረዋል፤ ቀለማቸውንም ራሳቸው ይበጠብጡታል። ከስማዳ ቆላም ሆነ ደጋ አቤት የሚል ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይቀርም። ማመልከቻቸው ግማሹ ሰላምታ ነው፤ ጉዳዩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ወገብ በታች ነው። ደንበኞቻቸው ይህን ይወዱታል። ዳኛው ባያነበው እንኳ ለእነሱ ሲነበብላቸው ያስለቅሳቸዋል።

በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ወይዘሮ ተሾመች የተባሉ ባልቴት መጡ። የባላቸውን ርስት ጎረቤት ገፍቶባቸው ስምንት ዓመት ሲሟገቱ ኖረዋል፤ መሪጌታም አሥራ አንድ ማመልከቻ ጽፈውላቸዋል። የመጨረሻው «ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ» ተብሎበት ተመልሷል።

«መሪጌታ፣ ይህ የሚመለከተው የሚባለው ሰው የት ነው የሚኖረው?» አሉ።

«ስጽፍለት ኖርኩ እንጂ እኔም አላውቀውም።»

«አዲስ አበባ ለሚቀመጠው ምክር ቤት ሰው ይመረጣል ተብሎ ገበያ ሲለፈፍ ሰምቻለሁ። ወረቀቱን ከምንልከው አንቱ ራስዎ ለምን አይሄዱም?»

መሪጌታ ስቀው ሸኟቸው። ማታ ግን ነገሩን ለሚስታቸው ለወለላ ሲያጫውቱ አልሳቁም።

በዚያን ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በየራሱ ስም ነው የሚወዳደረው። ደግሞም ርስት ያስፈልጋል። መሪጌታ ከቀለም ቀንድና ከመጻሕፍት በቀር የረባ ንብረት ስለሌላቸው በወለላ ርስት ቆሙ። መዝጋቢው አቶ ካሳ ማመልከቻቸውን አገላብጦ አየና፣ «ሃምሳ ደጋፊ ያመጣሉ። ሁሉም በአካል፣ በአንድ ቀን፣ እዚሁ ቢሮ መጥቶ ጣቱን ያሳርፋል» አላቸው።

«ቀድመው ለተመዘገቡት ለፊታውራሪ ተሻገርም እንዲሁ ነው?»

«ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።»

ሕጉስ አንድ ነበር። መዝገቡ ብቻ ባለፈው እሑድ በበቅሎ ተጭኖ ፊታውራሪ ቤት ሄዶ፣ ሃምሳው ሰው ጠላውን እየጠጣ ፈርሞበት፣ ማታ ተመልሷል። መሪጌታ መዝገቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቻ እንዲመጣላቸው ቢለምኑ፣ አቶ ካሳ «መዝገብ ከቢሮ አይወጣም» አለ፤ ሲናገርም ዓይኑን አላሸም።

የመሪጌታ ሃምሳ ሰው በሬውን ፈትቶ፣ እርሻውን አቋርጦ ወገዳ ወረደ። አቶ ካሳ አርብ ገበያ ከተማ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። በሳምንቱ እንደገና መጡ። አቶ ካሳ ነበረ፤ የጣት ቀለሙ ግን ደርቋል። መሪጌታ ከኮሮጇቸው የራሳቸውን ቀለም አወጡ።

«ይህ የመጽሐፍ ቀለም ነው» አለ አቶ ካሳ። «የመንግሥት ቀለም ወይን ጠጅ ነው።»

«የቀለሙ መልክ የተጻፈበትን አንቀጽ ያሳዩኝ» አሉና የምርጫውን አዋጅ ዘረጉለት።

አቶ ካሳ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አጣ። ሰዎቹ እየተሰለፉ መፈረም ያዙ። አርባ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ሃምሳኛው የለም፤ ላሙ ምጥ ይዟት ከመንገድ ተመልሷል። አቶ ካሳ ፈገግ ብሎ መዝገቡን ሊከድን ሲል ወይዘሮ ተሾመች ከበሩ አጠገብ ተነሥተው ጣታቸውን ዘረጉ።

«ሴት?» አለ አቶ ካሳ።

መሪጌታ ሴትም እንደምትመርጥ የሚናገረውን አንቀጽ በዜማ ባይሆንም በዜማ አፋፍ አነበቡለት። ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ሁለት ጊዜ አነበበና ቀለሙን ወደ ወይዘሮዋ ገፋ አደረገው።

ቀጥሎ ምልክት ማውጣት መጣ። ሕዝቡ ፊደል ስላልቆጠረ፣ እጩ ሁሉ በሣጥኑ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ይሰጠዋል። ፊታውራሪ ቀድመው ስለተመዘገቡ በሬ ወሰዱ። ሌላው እጩ፣ የንፋስ መውጫው ነጋዴ፣ ፈረስ መረጠ። የቀረው ግመል ነበር።

ይህ በክርስቲያን አገር ቀላል ነገር አይደለም። የደብሩ ቄስ እንኳ ጠርተው፣ «መሪጌታ፣ እኔ ሥጋውን የማልበላውን እንስሳ እንዴት ልምረጥ?» አሏቸው።

«አባቴ፣ ይምረጡት አልኩ እንጂ ይብሉት አልኩ?»

ከዚያ ወዲያ የምረጡኝ ዘመቻቸው ሁሉ ስለ ግመል ሆነ። ስለ ርስትና ስለ ፍርድ ሊናገሩ የተዘጋጁት ሰው፣ መጥምቁ ዮሐንስ የለበሰው የግመል ጠጉር መሆኑን፣ ጌታም ከባለጸጋና ከግመል ለማለፍ የሚቀለው ለግመሉ ነው ማለቱን ከደብር ደብር እየዞሩ አስተማሩ። ሕዝቡ ትምህርቱን ወደደ። ስለ ርስቱ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሰፊ ግቢ ያላቸው ፊታውራሪ ስለሆኑ ጣቢያው እዚያው ተደረገ። የበሬው ሣጥን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ምንጣፍ ላይ ነበር። የፈረሱ ጥላ ሥር ተቀመጠ። የግመሉ ግን አይታይም። ወረቀቱን እዚያ መክተት የፈለገ ሰው፣ «የግመሉ ሣጥን ወዴት ነው?» ብሎ የፊታውራሪን አሽከር ጮክ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ አሽከሩም ጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ከጎተራው ጀርባ ያመለክተዋል።

መሪጌታ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሚጠይቀውን ድምፅ አዳመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ነበር። ወደ ረፋዱ ላይ የወይዘሮ ተሾመች ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ከእሳቸው በኋላ አንድ ሌላ፣ ከዚያም አንድ ሌላ። ከሰዓት በኋላ አሽከሩ ስም መጠየቁ ሰልችቶት በእጁ ብቻ ያመለክት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ቆጠራው ተነገረ። ፊታውራሪ በብዙ ሺሕ አሸነፉ። ለመሪጌታ የወጣው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነበር። ቤታቸው ገብተው ነጠላቸውን ሰቀሉና ለወለላ ቁጥሩን ነገሯት።

«በኒቅያ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ልክ ይህን ያህል ነበሩ» አሉ። «አንድ እንኳ አልጎደለም።»

ወለላ ሽሮውን አማስላ ቀና አለች።

«እነሱማ ረትተዋል» አለች።

መሪጌታ ሳቃቸው መጣ። እስከ እራት ድረስ ሲያስቡ የቆዩት ግን ስለ ሊቃውንቱ አልነበረም፤ አሽከሩ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ የጠየቀው ያ ሁሉ ሰው ማን ማን እንደሆነ ነበር።