ሽማግሌ ፊት ያመለጠኝ ሳል

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ሐምሌ ነውና መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ውጭው ዝናብ፣ ውስጡ የእርጥብ ጋቢ ሽታ። ልጅቱን ሳል ይዟታል፤ መሳል ግን አልፈለገችም። ጉንጯ ይነፋል፣ ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትውጠዋለች። ሰው ዞር እያለ ያያታል።

ከቦርሳዬ ዝንጅብል አውጥቼ ቆረስሁላት። «እንኪ ልጄ፣ ጥርስሽ ሥር ያዢው። ሳሉን ግን አትዋጪው፤ ሲውጡት ይብሳል» አልኋትና ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅዎታል እማማ?» አለችኝ ቅር ብሏት።

«በአንቺ አይደለም፤ በራሴ ነው» አልኋትና መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ታሪኬን ነገርኋት። እንዲህ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ እናቴን አግዛለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ስማቸው የሚባለውን ወጣት ያወቅሁት እዚያው የቡሬ ገበያ፣ በርበሬ ሲሸጥ ነው። የአገራችን በርበሬ ደግሞ ገና ጆንያው ሲፈታ ከሩቅ ይጠራል። ዛላውን ለማየት ጎንበስ ስል አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ» አለኝ።

ደገመኝ። «ይማርሽ» አለ አሁንም። በሦስተኛው ግን፣ «ኧረ እግዜርን አስቸገርሁት! አንቺው ፈቀቅ በይ» አለኝ። ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ለቤታችን በርበሬ የማያስፈልግበት ቅዳሜ አልነበረም። እናቴ «ይህን ሁሉ በርበሬ ማን ሊበላው ነው?» ትል ነበር።

ቤተሰቦቹ ከወንዙ ማዶ ያሉ የአዊ ሰዎች ናቸው። ከእናቱ ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል። ሁለቱንም ሲናገር ለስላሳ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወድለት ሲያዳምጥ ነበር።

በዚያ ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጆንያውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «በሚመጣው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ፍልሰታ ሳይገባ ነገሩ ይለቅ ብሏል አባቴ» አለኝ።

ምን ብዬ እንደ መለስሁለት እንጃ። ገበያውን ለቅቄ መንገድ ስጀምር ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ዛፍና ወደ ሰው ቤት ጥግ ሮጠ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ መሐል መንገዱን ሄድሁ። ጭቃው በጣቶቼ መካከል ይወጣል፣ ውሃው በአንገቴ ገብቶ በእግሬ ይፈስሳል፣ እኔ ለራሴ እዘፍናለሁ። በስብሼ እንደ መጣሁ ያወቅሁት ደጃፍ ላይ እናቴ ስትጮህ ነው።

ሰኞ ጉሮሮዬ ከረከረ። በማግስቱ አፍንጫዬ ተዘጋ። ረቡዕ ሳሉ መጣ።

የእናቴ ፊት ያን ዕለት ከሰል መሰለ። ምክንያት ነበራት። የአባቴ እኅት በልጅነቴ እየሳለች ከስታ ከስታ ነው የሞተችው። ወሬው ግን ከእሷ ጋር አልተቀበረም። «እነሱ ቤት ሳል አለ» ይባላል። በአገራችን ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው፤ ዘር ማለት ደግሞ አጥንት ብቻ አይደለም፣ በሽታም ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እኔን ሊጠይቁ አንድ ጊዜ መጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ለምን እንደ ቀሩ ማንም አልነገረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን።

«እሑድ ሳይደርስ ይህ ሳል ከዚህ ቤት ይወጣል!» አለች እናቴ፣ ሳሉ የማይረባ እንግዳ ይመስል።

ከዚያ የሆነው አይነገርም። በማሰሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈላ፤ እኔ ጋቢ ተከናንቤ እንፋሎቱ ላይ ተደፋሁ። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል «ብርዱ ወጣ!» አለች። ነጭ ሽንኩርት በማር ተወቅጦ በባዶ ሆዴ ተሰጠኝ። ፌጦ በሎሚ ተለወሰ። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮ እንዳሸተው አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ደግሞ በነጠላቸው ሙሉ ዳማከሴ ቀጥፈው ዝናቡን እየጠረጉ ገቡ።

«ምች ነው የመታት» አሉ ገና ከደጅ።

«ብርድ ነው እንጂ የምን ምች!» አለች እናቴ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ዓይኗን አታዪውም?»

ጭንቅላቴ ላይ ቆመው ተከራከሩ። በመጨረሻ እንዳይቀያየሙ የሁለቱንም ጠጣሁ። የዳማከሴው ጭማቂ ምሬት ጆሮዬ ድረስ ዘለቀ። ሐሙስ ላይ ሽታዬ ከመብዛቱ የተነሣ ውሻችን እንኳ ሲያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ።

እውነቱን ልናገር? ደስተኛ ነበርሁ። ጋቢው ውስጥ፣ በዚያ በሚያቃጥል እንፋሎት መካከል፣ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። እናቴ ስቃዬን ስትቆጥር እኔ እሑድን እጠባበቃለሁ።

ቅዳሜ አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ድምፄም ተመለሰ። ሳሉ ብቻ ቀረ። ደረቅ ነው፤ ጥፍት ይልና እንደ ተፈታ ጥጃ ሳይታሰብ ዘልሎ ይመጣል። እናቴ እሑድን እትዬ ውዴ ቤት እንድውል ወሰነች።

«አልሄድም እማ። ስለ እኔ የሚባለውን በጆሮዬ ነው የምሰማው።»

«ከሳልሽስ?»

«አልስልም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ከፊት ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ መሪጌታ፣ ከኋላቸው የስማቸው አጎት አያ ዘውዱ፣ ሌላም አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። ዝናቡ ጋቢያቸውን አክብዶታል። እኔ ጓዳ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ዝንጅብል በጉንጬ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ይቀመጡ እንጂ አባቶቼ፣ ዝናብ መትቷችኋል» አለ አባቴ።

«መቀመጡንስ እንቀመጣለን» አሉ መሪጌታ። «ግን ዝናብ የሚዘንበው ዘር ላለው ነው። እኛም ዘር ፍለጋ ነው የመጣን።»

ነገሩ እንዲህ እየተዋዛ ሄደ። የአባቴ ድምፅ ሲለዝብ፣ የእናቴ እግር ሲፈጥን ይሰማኛል። ከዚያ አያ ዘውዱ ጉሮሯቸውን አጸዱ።

«እንግዲህ ጆሮ ክፉ ነው፣ የማይሰማው የለም። በቤታችሁ… በደረት በኩል የሚነገር ነገር አለ ይባላል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ዝናቡ እንኳ ያባራ መሰለኝ። እና እዚያች ጸጥታ ላይ ሳሌ መጣ።

አፌን በጋቢ ጠቀጠቅሁት። ዝንጅብሉን ነከስሁ። ትንፋሼን ያዝሁ። ዓይኔ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ አመለጠኝ፤ አንድ አይደለም፣ ተከታትሎ፣ ግድግዳው እስኪነቃነቅ።

ሲያበቃልኝ፣ አለቀ፣ አልሁ በልቤ። ቀጥሎም ያላሰብሁትን አደረግሁ፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ ጥቁር አዝሙዱ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነጭ ሽንኩርት እየሸተትሁ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«የሳልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ያለፈው ቅዳሜ ዝናብ መትቶኝ ነው። ካላመናችሁ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ ይመርምሩኝ። ተሸሽጌ ግን አልዳርም።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ አያ ዘውዱ ዞረ። «እኅቴን የገደላት ሳል ነው፤ እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እስከ ዛሬ ለሰው ብዬው አላውቅም።»

አያ ዘውዱ ወደ መሬት አዩ። ቀጥለው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተነሡ። እናቴ ያዘጋጀችው እህል ሳይቀመስ ቀረ። «እግዜር ያለው ይሆናል» አሉ ብቻ። መሪጌታ ግን ደጃፉ ላይ ደርሰው ዞር አሉና በፈገግታ አዩኝ።

«ልጅቱስ ሳለች» አሉ። «ግን እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሳለችው ምላሷን ነው።»

ቅኔያቸው ያን ጊዜ አላሳቀኝም። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ዛፍ ሥር ወጥቼ ያለ ከልካይ ሳልሁ።

ቀጣዩን ሳምንት በምን እንደ ገፋሁት አላውቅም። የወንዙ ሙላት የሁለቱን አገር ሰው ስለ ለየው ወሬ እንኳ የለም። ሙላቱ ጎደል ባለ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ውሻችን ጮኸ። ብቅ ስል አንዲት ቀጭን ሴት ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭቃውን በበትር እየወጉ ይመጣሉ። ያየኋቸው ገበያ ላይ ከሩቅ ነው፤ ቢሆንም አልጠፉኝም። የስማቸው እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ ነገር ሳያልቅ የወንድ እናት የልጅቱን ደጅ ስትረግጥ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። እናቴ የምትይዘውን አጥታ መጥረጊያ ይዛ ቆመች።

ወይዘሮ ጥሩዬ እንደ ተቀመጡ እኔን ወደ ራሳቸው ጠሩኝ። «ዙሪ እስቲ ልጄ» አሉና ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ ለጠፉ። «ተንፍሺ። ሳዪ እስቲ። አትፍሪ።»

ሳልሁ። ቀና አሉና የአባቴንና የእናቴን ፊት አዩ።

«አያ ዘውዱ የእናንተን ቤት የጠየቁት የእኛን ቤት ስለሚያውቁ ነው» አሉ። «ስማቸው ጡት ሲጠባ እኔም ስል ነበር። ጉንፋን ነው አሉኝ። ማሩንም፣ ፌጦውንም፣ ያልቀመስሁት የለም። ሰውነቴ እንደ ጧፍ አለቀ። በመጨረሻ ባሌ በቃሬዛ አሸክሞ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ብዙ ወር መርፌ ተወጋሁ፣ ኪኒን ዋጥሁ፣ ዳንሁ። ግን ለማን ይነገራል? ልጄ ሚስት እንዳያጣ ቤታችን አፉን ዘጋ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የሆነውን ሲነግሩኝ አፈርሁ። አንዲት ልጅ ቆማ የተናገረችውን እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ደበቅሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

 አባቴ፣ «እኅቴንም ወስደናት ቢሆን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ወይዘሮ ጥሩዬ «አይዞህ ወንድሜ፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር» አሉት።

እንባው ሲደርቅ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺ ጉንፋን ይመስለኛል። ቢሆንም ምላስ ሁሉ ዝም እንዲል ሐኪም ይየው። ተነሺ።»

ያን የቡሬ መንገድ መቼም አልረሳውም! በአንድ በኩል እናቴ፣ በሌላው ወይዘሮ ጥሩዬ፣ እኔ መሐል፤ ሦስታችንም በአንድ ሸራ ሥር። ሸራው ሲያዘነብል ውሃው አንዴ በእናቴ፣ አንዴ በእሳቸው አንገት ይገባል። ተንሸራትተን ልንወድቅ ስንል እንያያዛለን፣ እንስቃለን። እናቴ ስለ ነጭ ሽንኩርቷ ስትናገር ወይዘሮ ጥሩዬ፣ «የእኛስ ጦስኝ!» ይላሉ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሐኪም ፈላጊዋ ማን እንደሆነች የሚለይ አልነበረም።

አክታዬን ሰጠሁ፣ ደረቴን አዳመጡኝ፣ በቀጠሯችን ቀን ተመለስን። «ጉንፋን ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለብሽም። ትኩስ ነገር ጠጪ፣ ማሩም ጥሩ ነው» አለኝ ሐኪሙ።

«አላልሁም!» ብላ እናቴ ክፍሉን ሞላችው። ወይዘሮ ጥሩዬ እልል አሉ። በወረፋ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰርግ ያለ መስሎት ዞረ። ያሰበው አልቀረም፤ ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፣ ሳይጠየቁ ተቀመጡ፣ እህሉንም በሉ። በጥር ተዳርሁ።

አማቴ ፍኖተ ሰላም ከገባን በኋላም ከእኛ ጋር እስከ እርጅናቸው ኖሩ። የክረምቱን መድኃኒት እንደ እናቴ ያዘጋጁ ነበር፤ እኔም ይኸው አዘጋጃለሁ። ዝንጅብሉ ይፈላል፣ ማሩ ይጨመራል፣ ልጆቹም ይድናሉ። ከቤቱ ሰው የአንዱ ሳል ሲሰነብት ግን ነጠላዬን ለብሼ፣ ክንዱን ይዤ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ማሩ የቱን እንደሚችል፣ የቱን እንደማይችል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ደግሞ ልጆቼን የምድርበት ዘመን ነው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር የዘር ጥያቄው ሳይነሣ ራሴ እጀምረዋለሁ። «በቤታችን የደረት ሕመም ነበረ፤ የሞተችብን አለች፣ የዳኑልንም አሉ» እላለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይደነግጣሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። ጥቂት ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ ጋቢውን ያስተካክልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በእኛም ቤት…» ብሎ ይጀምራል።