በሸጊት ላይ የመሰከርኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴማ ጭራሽ። ሰው ለነፍስ አባቱ የደበቀውን ለማያውቀው አንባቢ ሲዘረግፍ ነውር እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ? የበደልኩት ራሳቸውን የነፍስ አባቴን ነው። ባለቤታቸውንም ነው። ደግሞም፣ ይሳቁብኝ ግዴለም፣ በቅሏቸውን ነው። እንግዲህ አንባቢዬ፣ መስቀል ባይዙም ለጥቂት ደቂቃ ንስሐ አባት ይሁኑኝ።

ዳባት ላይ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ነበርኩ። አዎ፣ የሥነ ምግባር! ስለ ሐቀኝነት የሚናገረውን ምዕራፍ በየዓመቱ ያስተማርኩት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው። ተማሪዎቼ የእጅ ጽሕፈቴን ለማሳመር የምጨነቅ ይመስላቸው ነበር።

የነፍስ አባቴ መምሬ ይትባረክ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ከገብስ ማሳቸው ጎን የፖም ችግኝ ተክለው፣ ውሃ ከወንዝ እያመላለሱ አሳደጉት። ፍሬው ሲበዛ ኮሶዬ ሎጅ የምትሠራው ልጃቸው፣ እንግዶች ራሳቸው ለቅመው መግዛት ይወዳሉና በሩን ክፈቱላቸው አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። "ለቅሞ የሚከፍል ሰው ካለማ የእኔንም ገብስ ከፍሎ ይጨድልኝ!" ያላለ አልነበረም። ሰው ግን መጣ። ከጎንደርም ከደባርቅም በሚኒባስ እየመጣ፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ዘንቢል እየተቀበለ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ይለቅም ጀመር። እኔም እሄድ ነበር፤ የነፍስ ልጅ ነኝና ሳይመዘን የሚጨመርልኝ አላጣም።

በአትክልቱ ጥግ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ አንድ ለብቻው የቆመ ዛፍ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ከሁሉ አስቀድመው የተከሉት ነው፤ ዘሩም ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ሲያፈሩ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። "ካፈራልኝ በኩራቱን ለማርያም" ብለው ተሳሉ። በሰባተኛው ክረምት አፈራ። አምስት ፍሬ! እትዬ ጥሩወርቅ እንደ አራስ ነበር የሚጠብቁት። ግንዱን በነጭ ፈትል አሰሩት፤ ለገባው ሰው ሁሉ "ያችን ዛፍ አደራ፣ የማርያም ናት" ይሉ ነበር። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በአዲስ ሙዳይ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሊገቡ አስበዋል።

እኔ የሄድኩት ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ማብቂያ ላይ ነበር። መምሬ ቅዳሴ ናቸው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይወጡም። የአትክልቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ በጾም መልቀም ይቻላል፣ መቅመስ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። እትዬ ጥሩወርቅ ብልህ ናቸውና ማንም እንዳይፈተን የለቀምነውን ከነዘንቢሉ ተቀብለው በር ላይ አጠገባቸው ደረደሩት።

ከጎንደር የመጡ ሁለት ወጣቶች ግን በር አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር አንድ ፖም ገመጡ። ማን ተቆጣቸው? እኔ። "በእመቤታችን ጾም! ሆዳችሁ ነው አምላካችሁ?" ብዬ አፌን ሞልቼ ገሠጽኳቸው። ልጆቹ የገመጡትን አፍረው ጣሉ። እትዬ ጥሩወርቅ "ተባረክ መምህር፤ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን" አሉኝ። አሜን አልኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ እኔን ራሴን ራበኝ። ያውም እንደዚያ ያለ ራብ! ጭጋጉ ይቀዘቅዛል፣ የፖሙ ሽታ ያውዳል። በር አጠገብ ያሉት ዛፎች በእትዬ ጥሩወርቅ ዓይን ሥር ናቸው። ወጣቶቹም "አንተንም እናገኝሃለን" በሚል ዓይን ያዩኛል። ሰው የማያየው ካቡ ሥር ያለው ጥግ ብቻ ነው። በጥጉም ያለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

ፈትሉን አላየሁትም ልበል? አይቼዋለሁ። በእጄም ነክቼዋለሁ። የክርስትና ስሜ ወልደ ማርያም ነውና የእናቱን ጓዳ የበላ ልጅ ሌባ አይባልም ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ። የመጀመሪያዋን የበላሁት በዚህ ክርክር ነው። ሁለተኛዋን ያለ ክርክር በላኋት። ሦስተኛዋን ስጨርስ ሁለቱ ቀርተው አፈጠጡብኝ። ሁለት ቢቀሩ ሰው "ሦስቱን ማን በላ?" ይላል። ምንም ባይቀርስ ምን ይላል? እሱን አላሰብኩም፤ ብቻ በላኋቸው።

እዚያው ጥግ ሸጊት ታስራ ነበር። ሸጊት የመምሬ በቅሎ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ መምሬም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዓመቱን ሙሉ የሚወጡት በእሷ ነው። በሱባኤ ብቻ ለእመቤታችን ብለው በእግራቸው ይሄዳሉ። እኔም የፖሞቹን መሐል፣ ከነዘሩ፣ በልታ ታጥፋልኝ ብዬ ወረወርኩላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ያኔ ነው የክፉው ሐሳብ የመጣልኝ። ገመዷን ፈትቼ እስከ ዛፉ እንድትደርስ ለቀቅኳት። ከዚያ አፌን በእርጥብ ሣር ጠራርጌ፣ በሌላ በኩል ዞሬ፣ በር ላይ ከጿሚዎቹ ጋር ተሰለፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም መምሬ ከቅዳሴ ደረሱ። እትዬ ጥሩወርቅ ዛፋቸውን ሊሳለሙ ወደ ጥጉ ሄደው ነበርና ጩኸታቸው ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ ባዶው ዛፍ፣ የተፈታው ገመድ፣ በሸጊት እግር ሥር የተበተነው የፖም ትራፊ። እትዬ ጥሩወርቅ ጭቃው ላይ ተቀምጠው "ስድስት ዓመት! በኩራቴን! ምን ይዤ ልግባ?" እያሉ ያለቅሳሉ።

መምሬ በቅሏቸውን አዩና፣ "ሸጊት እንዲህ አታደርግም" አሉ። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ ተመለከቱን።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም ብልማ ኃጢአቴ ግማሽ ይሆን ነበር። እኔ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ አፌ ተከፈተ።

"አይቻታለሁ አባቴ፣ በዓይኔ በብረቱ" አልኩ። "ሁለተኛዋን ስታላምጥ ነው የደረስኩት። ብከለክላት አልሰማ አለችኝ።"

በቅሎ ፍሬውን ስትበላ መሐሉን በምን ጥርሷ ለይታ ተፋችው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የሥነ ምግባር መምህር መስክሯላ! እትዬ ጥሩወርቅም እንባቸውን ጠርገው፣ "የማርያምን በኩራት የበላች ከብት ከደጄ አትውልም" አሉ። በሳምንቱ መምሬ ሸጊትን ራሳቸው ጎትተው ደባርቅ ገበያ ወሰዷት። ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ባዶ ልጓም በእጃቸው ይዘው ያነክሳሉ።

"በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር" ይላል ትእዛዙ። በቅሎ ባልንጀራ ናት? በዚህ ነጥብ ከራሴ ጋር ስንት ዘመን ተሟገትኩ! አንዳንድ ቀን ረትቼ አውቃለሁ። ግን እሑድ በመጣ ቁጥር መምሬ ያንን ዳገት በምርኩዝ ሲወጡ አያለሁና መልሼ እሸነፋለሁ። ስለዚህ ክንዳቸውን መደገፍ ጀመርኩ። ጃንጥላቸውንም ያዝኩ። ምእመናኑ ይህን አይተው፣ "የነፍስ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!" እያሉ መረቁኝ። እናቶች ለልጆቻቸው በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። አንባቢዬ፣ ባልሠሩት ደግነት መመረቅን ቀምሰው ያውቃሉ? እንደዚያ የሚያሳክክ ነገር የለም።

በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እናዘዛለሁ። ምቀኝነቴን፣ ቁጣዬን፣ ጠላ ማብዛቴን፣ አንዷን ሳላስቀር። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ "ሌላስ ልጄ?" ይላሉ። "ሌላ የለም አባቴ።" የነፍስ አባት ልቀይር አስቤ ነበር፤ ግን መቀየር የሚቻለው እሳቸውን አስፈቅዶ ነው፤ "ምን አጉድዬብህ ነው?" ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው?

ያ ዛፍ በቀጣዩ ጥር ላይ ውርጭ መታውና ደረቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉቶውን እያዩ፣ "ምን ያህል ይጣፍጥ ነበር ይሆን?" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እኔም አብሬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። በዓለም ላይ መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አጠገባቸው ቆሞ ይነቀንቃል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን መምሬን ለጉልበታቸው ሕክምና ደባርቅ ይዣቸው ሄድኩ። በአስፋልቱ ዳር ተራራው ላይ ወዳለው ወደ ቡይት ራስ የሚወጡ በቅሎዎች የቱሪስት ድንኳንና ሻንጣ ተጭነው ተሰልፈዋል። ከመሐላቸው አንዷ ጆሮዋን አቆመች። ሸጊት ነበረች። መምሬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሐኪሙ ካመጡት አንድ ፖም አውጥተው፣ "ነይ ልጄ፤ ያለፈው አለፈ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" ብለው አቀረቡላት። ሸጊት አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

ነጂው ሳቀ። "አይልፉ አባ። ይቺ በቅሎ ፖም አትነካም። ፈረንጆቹ ስንቴ ሰጧት መሰለዎት! ሽታውንም አትወድ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ላይ በቀትር፣ በአስፋልት መሐል ጠራ። መምሬ ፖሙን መልሰው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ። ከዚያ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለበቅሎዋ እጅ ነሡ። "ሸጊት፣ በሐሰት ፈርጄብሻለሁ። ይቅር በይኝ" አሉ። ነጂው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። በዳዩ ጃንጥላ ይዟል፣ ያልበደሉት ለበቅሎ ይሰግዳሉ! መልሰው ሊገዟት ጠየቁ፤ ባለቤቷ አልሸጥም አለ።

በሚኒባስ ስንመለስ መምሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ርቦህ ነበር?"

በሩን እንዲህ ወለል አድርገው ከፍተውልኝ ምን ብዬ መለስኩ?

"ኧረ የለም አባቴ፣ እኔ ጾም ላይ ነበርኩ።"

ከዚያ በኋላም በየሁዳዴው "ሌላስ ልጄ?" ማለታቸውን አልተዉም። ብቻ ከጠየቁ በኋላ ከወትሮው ረዘም አድርገው ይጠብቁ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። መምሬ እየጠበቁኝ ዐረፉ፤ በቀብራቸው ዕለት "ምርኩዝ የሆናቸው ልጃቸው" ተብዬ ከፊት ተሰለፍኩ። ይህንንም አልተቃወምኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬም በሕይወት አሉ። እሳቸው ባያነቡ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል። እትዬ፣ ሸጊት አልበላችም። እኔ ነኝ የበላሁት። እኔ ነኝ ገመዱን የፈታሁት። እኔ ነኝ የመሰከርኩት። ርቦኝ ነበር እንዳልል፣ በዚያች ቀን እርስዎም ርቦዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እለምናለሁ፤ ባይሉኝም አይፈረድብዎትም።

ጉቶውን እያዩ የጠየቁትን ግን ልመልስልዎ፣ ከእኔ በቀር የሚመልስ የለምና። ኮምጣጣ ነበር ብል ለሁለታችንም በቀለለን። ጣፋጭ ነበር እትዬ። አምስቱም።