ነፋስ ሲነሣ መራመድ

አባቴ ቤት ውስጥ ሲሄዱ አይሰሙም ነበር። ቴክሳስ ውስጥ፣ ጋርላንድ ከተማ የተከራየሁት አፓርትማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ድመት ብትሄድበት እንኳ ሲጥ ይላል። እኔ ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት በሄድኩ ቁጥር ከታች ያለው ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እጀታ ይደበድባል። አባቴን ግን ድንገት ዞር ስል ከኋላዬ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ስንት ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰብሯል! እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ እቆጣለሁ። «አባባ፣ ሰው ሲመጣ እኮ ኮቴ ያሰማል» ስላቸው «ልማድ ነው ልጄ» ብለው ያልፉታል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጥተዋል። ዘጠኝ ሆነው ነው የተነሡት፤ ወታደር ባለበት ሜዳ የሚያሻግራቸው መንገድ መሪ አካሄድ አስተምሯቸዋል። ከዚያ በላይ አያወሩም ነበር፣ እኔም አልጠይቅም። እኛ ቤት አባት ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም።

እሠራ የነበረው አዲሰን በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ከጥርስ ሐኪም ጎን በተሸጎጠች፣ አምስት ሰው ብቻ ባላት፣ ለጦሩ ዕቃ በምትሠራ ካምፓኒ ነው። ስለ ጦር መሣሪያ ሲወራ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ትልቅ ፋብሪካ ነው። የእኛ ካምፓኒ ባለቤት ግን ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤቱን ራሱ ያጥብ ነበር። ከትልቅ ድርጅት የተቀነሰ ረጅም ቴክሳሳዊ መሐንዲስ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ በእሱ ላይ ጭኜ ተኝቼ አድር ነበር።

ካምፓኒዋ የምትኖረው በድጎማ ነው። መንግሥት ጦሩ የሚፈልጋቸውን ነገሮች ዘርዝሮ ያወጣል፤ እንደኛ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች «ይህን እኛ እንሠራዋለን» ብለው ይወዳደራሉ። ያሸነፈ በመጀመሪያው ዙር ለጥቂት ወራት ሐሳቡ የሚያስኬድ መሆኑን ያሳያል። ካሳመነ ሁለተኛውን ዙር ያገኛል፤ እሱ ዕቃውን ወግ ባለው መልክ እስኪሠራ ድረስ ያቆየዋል። ካላሳመነ ጠረጴዛውን ሸጦ ይበተናል። ጊዜው ደግሞ በየሰፈሩ ባንክ የወሰዳቸው ቤቶች ለጨረታ የቆሙበት፣ ሥራ ያለው ሰው ጮክ ብሎ ለማውራት የሚፈራበት ነበር። ከዚያ በፊት ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ኖሬያለሁ፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። ወደዚያ ላለመመለስ የማላደርገው ነገር አልነበረም። ይህን ሰበብ ለማብዛት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው።

የምንሠራት ዕቃ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የምታክል፣ ከሥሯ ሚስማር ያላት ነገር ናት። መሬት ላይ ትተከልና ታዳምጣለች። ሰው ሲራመድ መሬቱ በትንሹ ይርገበገባል፤ እሷ ያን ለይታ «ሰው ነው»፣ «ከብት ነው»፣ «ነፋስ ነው» ትላለች። ሩቅ አገር ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወታደሮች ሳያስቡት ሰው እንዳይደርስባቸው ነው። ሽቦዋን የምበይደው እኔ ነበርኩ። ሲሳካልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ሲል ከመንግሥት በኩል ሥራችንን የሚከታተለው ሰው አንድ ጥያቄ ላከ፦ «እንዳይሰማ ተጠንቅቆ የሚመጣውንስ?» ባለቤቱ ሁላችንንም ወደ ሜዳ ወሰደን። ከግራንድ ፕሬሪ ወዲያ አንድ ወዳጁ የሰጠው፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ ባዶ መሬት ነው። በእግር ጣታችን ሄድን፣ ጫማ አወለቅን፣ ተንፏቀቅን። ዕቃዋ ሁላችንንም ያዘችን። ባለቤቱ ሊደሰት አልቻለም፤ የመኪና ማቆሚያ ብቻ ረግጠን ያደግን ሰዎች መያዛችን ምንም አያሳይም አለ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አባቴን ላምጣቸው» ያልኩት።

ለአባቴ ያስረዳኋቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መሥሪያ ቤታችን ቴስት ያደርጋል፣ ትንሽ ይራመዱልናል።» እኔ ዘንድ ከመጡ ጀምሮ ሥራዬን ለማየት ይጓጉ ስለነበር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ወጡ። በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ ፊርማ ያስፈልጋልና ባለቤቱ አራት ገጽ ወረቀት ሰጠን። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ለመራመድ ተስማምቻለሁ ይላል» አልኳቸው። ፈረሙ። አንዱን ቅጂ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙና ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ባለቤቱ «አልገባቸውም እንዴ?» ብሎ አየኝ። ከዚያ ነፋስ ተነሣ፣ ሣሩ ተኛ፣ አባቴም ሄዱ። ነፋሱ ሲቆም አንድ እግራቸው አየር ላይ እንዳለ ቆሙ። እንደገና ሲነሣ ሄዱ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ዕቃዋ «ነፋስ፣ ነፋስ» ትላለች። እኛ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ሳለን የባለቤቱን ትከሻ ከኋላው መታ መታ አደረጉት። ሰውዬው ጮኸ፤ ከዚያ አቅፎ አነሣቸው። አባቴ በሕይወታቸው እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። «አላወቀችብኝም!» አሉኝ። «ይህቺ የእናንተ ዕቃ ደንቆሮ ናት!»

ጨዋታው የሚያሸንፉበት መስሏቸው ነበር። እኔም አላስተካከልኩም።

በማግስቱ ተመለስን፣ በሦስተኛውም ቀን። በተራመዱ ቁጥር እንቀዳለን፣ የተቀዳውን እናስተምራታለን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርሱ ዕቃዋ ሰው መያዟን የምታሳይበት ቀይ መብራት በራ። አባቴ ባሉበት ቆሙ። ዕቃዋን አዩ፣ እግራቸውን አዩ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም አባባ። ለመደችዎት።»

ባለቤቱ ያጨበጭባል። እሳቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አደረጉ። ማሰሪያውን ለመቋጠር ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሄዱ፤ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሁለተኛው ዙር ማመልከቻ የሚሆነውን ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እያንዳንዱ እርምጃ ከየት እንደሚጀምር ምልክት አደርጋለሁ። ነፋስ ይመጣል፣ በውስጡ አንድ የታፈነ ነገር መሬት ይነካል። ነፋሱ ይቆማል። ከዚያ ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው እንደቆመ አውቃለሁ፤ የምሰማው ግን ምንም የለም። ሳላስበው ትንፋሼን እይዝ ነበር። አንዳንዴ ዝምታው ይረዝምና ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል፤ ዞር እላለሁ፣ ማንም የለም። እፈራ ነበር። ጠራራ ፀሐይ በሞላው ቢሮ ውስጥ የገዛ አባቴን እግር እፈራ ነበር።

ከጎናችን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርስቲ የምትማር ልጅ አለቻቸው። አማርኛ እንዲያስተምሯት አባቴ ዘንድ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ያ አራት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እሷ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ታነብላቸዋለች።

«ኦኬ፣ እዚህ ምን ይላል… ሰው በድብቅ ሲመጣ፣ ሶልጀሮች እንዲያውቁ። ሶ፣ የአንተን እግር ሪከርድ ያደርጋሉ። እና እዚህ… ማለቴ፣ አንተ ካልፈለግክ፣ በማንኛውም ጊዜ ስቶፕ ማድረግ ትችላለህ። የአንተን ያጠፋሉ።» ሽማግሌን አንተ እንደማይባል ገና አልገባትም፤ አባቴም አላረሟት።

ልጅቷ ፊቴን አይታ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ለአባቴ ስለ ወታደሮቹ ነገርኳቸው፤ እነሱም የሰው ልጆች እንደሆኑ፣ እንዳይታረዱ እንደሆነ።

«እኛን ሲያደምጡ የነበሩትም የሰው ልጆች ናቸው» አሉ። «አንተ ግን የማታውቀው ነገር አለ። ስንሻገር ያ መንገድ መሪ ዘጠኛችንንም አስምሎናል። ይህን አካሄድ ለሚሸሽ ሰው ብቻ አሳዩ ብሎ። ከዘጠኛችን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አላሳየሁም። ለአንተ ያሳየሁት ልጄ ስለሆንክ ነው። አንተ ለሚያሳድደው ሰጠኸው።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው መለሱት። «ሰኞ ወደ አለቃህ ውሰደኝ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቢሮ ገባን። ማመልከቻው የሚላከው በዚያው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ቀን ከተቀዳው የአባቴ እርምጃ በቀር የምናሳየው ነገር አልነበረንም። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው። አባቴ አልተቀመጡም። ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ፦

«ልጄ ስላመጣኝ መጣሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። አሁን አወቅኩ። የማልኩበት ነገር ነው። እግሬን መልስልኝ። የቀዳኸውን አጥፋው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አልቀየምህም።»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። ቢነገረው ያጠፋው ነበር። ሲጠየቅ እንደሚያጠፋ ወረቀቱ ላይ የጻፈው እሱ ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር የማይቀልድ ሰው ነበር። ያን አውቅ ነበር፣ የከፋውም ይኸው ነው። የእኔ ዓይን ግን ከትከሻው በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ እያየ መጋዘኑን ያይ ነበር፤ የጭነት መኪናውን በር፣ ካርቶኑን፣ ወገቤን።

«እኛን በመርዳታቸው ደስ ብሏቸዋል» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ሥራችሁ ይቃናላችሁ ይላሉ።»

ሰውዬው ሳቀ። የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀ፤ ከመሳቢያው የካምፓኒውን ኮፍያ አውጥቶ ሰጣቸው። አባቴ ኮፍያውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አሁንም ድረስ፣ ዓይኔን ስጨፍን የማያቸው እንደዚያ ቆመው ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ «ምን አልከው?» አሉ።

«ያሉትን።»

«እኔ ያልኩት አያስቅም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኮፍያው መኪናው ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛው ዙር ተፈቀደልን። ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረጠ፣ ሁለት አዲስ ሰዎች ተቀጠሩ፣ እኔም እድገት አገኘሁ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ወለሉ ላይ ሲሄዱ መሰማት ጀመሩ። ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ተረከዛቸውን እያሳረፉ። ከታች ያለው ሰውዬ ለእሳቸውም ጣሪያውን ደበደበ። ስንት ዓመት ስለምናቸው የኖርኩት ነገር ሆነ፤ እያንዳንዱ ኮቴ ግን ደረቴ ላይ ያርፍ ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ እንደ ድሮው ይሂዱ» አልኳቸው። «የትኛው ድሮ?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ደረታቸውን ማመም ጀመራቸው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዝኩ። ከዚያ በፊት ለሁሉም ነገር፣ ለመታወቂያውም ለክትባቱም፣ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። የቀጠሮው ዕለት የመኪናውን በር ስከፍት የጎረቤታችን ልጅ ከኋላ ተቀምጣለች። ጠርተዋት ነው። ሞተሩን አስነሣሁ።

ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ ተነሣሁ። አባቴ መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። አልገፉኝም፤ እንዲያው አሳረፉት።

«አንተ ቁጭ በል። እሷ ትግባ።»

«አባባ፣ እሷ እኮ አማርኛዋ ገና ነው። ሕመምዎን ብታሳስትስ?»

«ታሳስት» አሉ። «የምላትን ግን ትላለች።»

ልጅቷ እኔን ላለማየት መሬት መሬት እያየች ክንዳቸውን ያዘች። ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እኔም ቁጭ አልኩ።