ያጠብኳቸው ጠገራዎች

በጣሊያን ጊዜ የቤታችን ጥሪት ከወፍጮው ድንጋይ ሥር የተቀበረ አንድ የቆዳ ከረጢት ነበር። ውስጡ አሥራ አራት ጠገራ ብር ነበረ፤ በአንድ ፊቱ ወፈር ያለች ሴት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ሲወጣ ለእናቴ ትቶላት የሄደው ይህንኑ ነው። የሞቱ ወሬ ከመጣ በኋላም ከረጢቱ እዚያው ቆየ።

በዓመቱ፣ በበጋው መጨረሻ፣ በሬያችን ሞተ። ያለን አንድ ነበር። አጎቴ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስልን ነበር፤ በሬ የሌለው ቤት ግን መቀናጆ አያገኝም። ዝናቡ ሳይገባ ሌላ በሬ ካልተገዛ የማሽላ መሬታችን ለእኩል አራሽ ሊሰጥ ነው። የእህሉ እኩሌታ ደግሞ ለእናቴ፣ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ሚያዝያን አያሻግርም።

ጣሊያኖቹ ብራችሁን በወረቀት ሊሬ ለውጡ ይሉ ነበር። ባላገሩ ወረቀቱን አይወድም፤ በሬ ሻጭማ ዞሮም አያየው። ብር ከገበያ ገበያ እየተወደደ ሄደ። እናቴ ያሰበችው ለበሬው የሚበቃውን ሰጥታ፣ ወደፊት ዋጋው ይበልጥ የሚወጣውን ማስቀረት ነበር። የትኛው እንደሚወጣ ያውቃሉ የተባሉት ከዳገቱ ጨርቅ ይዘው የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ የአርጎባ ነጋዴ ናቸው። እኛ ቤት አረፍ ብለው ውሃ ይጠጡ ነበር።

ከረጢቱ ሲዘረገፍላቸው አንዱን አነሡና የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ በጥፍራቸው አሳዩን። ጌጡ ዙሪያውን ጥቃቅን ዶቃ አለው። ዶቃው አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ባሕር ማዶ የሚነግዱት ይሻሙበታል፣ እሱን አቆዩ፤ የተድበሰበሰውን ስጡ አሉ። እናቴ የአንገቷን ጌጥ አሳየቻቸው፤ በሠርጓ ጊዜ ያደረገችው፣ በጥቁር ክር የተሰካ አሥር ጠገራ ነው።

«የተበሳ ነገር ዋጋ የለውም፣ ልጄ» አሏት። «ለአንገትሽ ይሁን።»

የእናቴ ዓይን ታሞ ስለነበር የመለየቱ ሥራ የእኔ ሆነ። አሥር ዓመቴ ነበር። ብሮቹ በላብና በጭስ ጠቁረው ዶቃው አልታይ ቢለኝ፣ እናቴ ወንዝ በወረደችበት ሁሉንም በአመድና በሎሚ ፈተግኳቸው። ነጭ ሆኑ። አምስቱ ዶቃቸው የሚቆጠር፣ ዘጠኙ የተድበሰበሱ ሆነው ተገኙ። እናቴ መጥታ አንዱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት።

«እጅሽን ታጠቢ፤ ሎሚው ያቃጥልሻል» አለችኝ።

ሮብ ዕለት እናቴና እኔ ዘጠኙን ይዘን ከአጎቴ ጋር ሮቢት ገበያ ወጣን። ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ይፋጅ ነበር። አጎቴ ማጀንግላው የፈረጠመ ቀይ በሬ መረጠ፤ ሻጩ ከማጀቴ ከተማ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ዘጠኝ ብር ተስማሙ። ሻጩ አንዱን ጠገራ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ሰማ፤ ደኅና ነበር። ወደ ፀሐይ ሲያነሣው ግን ሳቀ። ያን ሰሞን ጣሊያን ይህንኑ ብር አገሩ ላይ እያተመ ያመጣል ተብሎ ይወራ ስለነበር፣ የሚያብለጨልጭ ብር ማንም አይነካም። አጎቴ ልጅቷ አጥባቸው እንጂ የዱሮ ናቸው ብሎ ማለ።

«ሴትዮዋን አጥባችሁ ልትድሩልኝ ነው?» አለ ሰውየው። «እኔ ሙሽራ አልፈልግም፣ ጋሼ። የጠቆረችውን አምጡልኝ።»

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። ሌሎች ሁለት ሻጮች ዘንድ ሄድን፤ እነሱም ያንኑ አሉ። ቀትር ሲሆን ወደ ቀዩ በሬ ባለቤት ተመለስን። እናቴ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰድዳ የአንገቷን ክር ፈታችና ለሰውየው ዘረጋችለት። እሱ አንዱን አገላብጦ አየው።

«ይሄስ የሰው አንገት ላይ የኖረ ነው» አለ። «ዘጠኝ ነበር ያልነው፤ ለቀዳዳው አንድ ጨምሩ።»

አሥሩም ሄደ። ክሩን መለሰላት፤ እሷም በመቀነቷ ቋጠረችው። መንገድ ላይ በሬው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። የእናቴ አንገት ጌጡ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። ቤት እስክንደርስ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ ዝናቡ ሳይገባ ደረስን አለች።

መሬቱ በእጃችን ቀረ። አሥራ አራቱ ጠገራዎች ወደ ወፍጮው ሥር ተመለሱ። እናቴ አልፎ አልፎ እያወጣች ጠቁረው እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር። ገና ናቸው እላታለሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እኔን ትምህርት ቤት ለማስገባት አንጥረኛ ዘንድ ወሰድናቸው። አምስቱን ለብቻ በጨርቅ ቋጥሬያቸው ነበር። አንጥረኛው ፈታና ከሌሎቹ ጋር ደባልቆ ሚዛን ላይ አፈሰሳቸው። ዶቃቸውን አላየም።

እናቴ ገንዘቡን ተቀብላ ከተነሣች በኋላ፣ ለአንገቷ የተበሳ ጠገራ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችው። የተበሳውን ሁሉ አቅልጦ እንደጨረሰ ነገራት።