የእህቴ ቀለበት

ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት በር ላይ የአሲድ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ አምባ ጊዮርጊስ ተድራ፣ በዓመቷ ጣቷ አብጦ ጎንደር እኛ ቤት መጣች። የቀለበቷ የወርቅ ቅብ ለቆ መዳቡ ወጥቷል። አባታችን ወርቅ ሠሪው ዘንድ ይዞን ሄደ።

«አያ፣ ቆርጠው ያውጡልኝ» አለችው ወርቅ ሠሪውን።

«የለም፣ በሳሙና አውጣውና እንደገና በወርቅ ለብጥልን» አለ አባቴ። «ነገ ወደ ባሏ ትመለሳለች።»

«አባባ፣ እኔስ አልመለስም።»

አባቴ ፊቷን ሳያይ፣ «ከላይ ካማረ ይበቃል፤ የውስጡን ማን ያየዋል?» አላት። ስለ ቀለበቱ የሚያወራ መሰለኝ።

ቀለበቱ ተለብጦ እያብረቀረቀ ሲወጣ፣ «አዲስ ሆነልሽ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ባበጠው ጣቷ አልገባ ቢል አባቴ በትንሿ ጣቷ አጠለቀላት።

አባታችን ካረፈ ቆየ። እሷ ግን ዛሬም አምባ ጊዮርጊስ ናት።